ድርቆሹን ብጨምርላቸው በጠጡ ሸካራ ሆነብኝ፤ በጎች ብዙ ሲበሉ መፍጨት ያቅታቸዋል?

ሞጆ ዳር · ጥር 14
ሰላም ለቤቱ። 24 የአርሲ ባሌ ጠቦት ለፋሲካ ገበያ ይዣለሁ። ታኅሣሥ ላይ ሲገቡ በአማካይ 25 ኪሎ ነበሩ። ዋናው መኗቸው ሮደስ ሳር ድርቆሽ ነው። የዘይት ቤት ፋጉሎና የስንዴ ፉርሽካ ዋጋቸው አልቀመስ ስላለኝ እስካሁን አልጀመርኩም።

መጀመሪያ ለአንድ በግ በቀን 450 ግራም እየመዘንኩ ነበር የምሰጠው። ገንዳውን ልሰው ይነሣሉ፣ አንዲት ሰበዝ አይተርፍም። ብክነት የለም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በወሩ ስመዝን ግን አብዛኞቹ እዚያው ናቸው፣ ሰባቱ ጭራሽ ቀንሰዋል። ከዚያ ወደ 850 ግራም አሳደግኩት። አሁን ቅጠል ቅጠሉን ለቅመው አገዳውን ያስተርፋሉ። በጠጡም በዛ። ሰብሬ ሳየው እንደ በፊቱ የላመ አይደለም፣ ጭረት ጭረት ሳር ይታይበታል።

አንድ የማከብራቸው ትልቅ ሰው አይተው «ሲበዛባቸው ሳይፈጩት ነው የሚያወጡት፣ ገንዘብህን ነው በጠጥ የምታደርገው፣ ወደ ድሮው መልስ» አሉኝ። እኔ ግን ጎናቸው ሲሞላና ፀጉራቸው ሲተኛ እያየሁ ነው። እባካችሁ የምታውቁ፣ የትኛውን ልመን?

የመኖ ሰው · ጥር 15
ወንድሜ፣ ሰውዬው ያዩት ነገር ልክ ነው። ከዚያ ተነሥተው የሰጡህ ምክር ግን ይጎዳሃል፤ እንዳትመልሰው።

በግ ድርቆሽን የሚፈጨው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ባሉ ረቂቅ ተህዋሲያን ነው። እነሱ ቃጫውን እየከበቡ ቀስ በቀስ ይበሉታል፣ በጉ ደግሞ ከእነሱ ሥራ ውጤት ይኖራል። ሥራው አዝጋሚ ነው። እንደ ሮደስ ያለ ድርቆሽ ገንዳ ላይ ከተበላ ጀምሮ በጠጥ ሆኖ እስኪወጣ ከሁለት ቀን በላይ ይወስዳል። ከትልቁ ጨጓራ ወጥቶ ወደ ሽንፍላ ለማለፍ ቁራጩ ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ መድቀቅ አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ሲያመሰኩ የሚያድሩት ለዚህ ነው።

እንግዲህ በጉ አብዝቶ ሲበላ ከኋላ የሚገባው የፊተኛውን ይገፋዋል። ተህዋሲያኑ ገና ሳይጨርሱት፣ ለመውጣት ያህል የደቀቀው ሁሉ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ከበላው ውስጥ የሚፈጨው *በመቶኛ* ይቀንሳል። አንተ በበጠጡ ያየኸው ይህንን ነው።

የሞቃት አገር ሳር ደግሞ ከብርዳማ አገር ሳር ይለያል። ፀሐይና ሙቀት ላይ ቶሎ ለማደግ የተሠራ ተክል ነው፤ የቅጠሉ ጅማቶች ዙሪያ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሕዋሳት አሉት። ተህዋሲያን ያን ግድግዳ ለመስበር ይቸገራሉ። በተመሳሳይ ዕድሜ ታጭደው ቢነጻጸሩ እንኳ የመፈጨት መጠናቸው በአማካይ ከ10 የመቶኛ ነጥብ በላይ ይራራቃል። አውሮፓ ተሠርቶ የመጣ የመኖ ሰንጠረዥ ለእኛ በግ እንዳለ የማይሠራው ለዚህ ነው።

የመንዝ ልጅ · ጥር 15
የመኖ ሰው፣ እንደዚያ ካልክ ታዲያ ሽማግሌው ልክ ናቸው ማለት ነው እኮ! የማይፈጨውን ለምን ይጨምራል? እኛ ጋ ድርቆሽ በዚህ ወር እንደ ጤፍ ነው የሚሸጠው።

የመኖ ሰው · ጥር 15
አይደለም። ብዙ ሰው፣ ባለሙያውም ጭምር የሚስትበት ቦታ ይህ ስለሆነ በቁጥር ላስረዳ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው፣ ግን ከሞጆው ወንድማችን በጎች ብዙ አይርቁም። ሁሉንም እርጥበቱ በተነሣ ደረቅ ክብደት እንያዘው።

በጉ በቀን 400 ግራም ሲበላ 58 በመቶው ይፈጫል እንበል። የተፈጨው 232 ግራም ነው። እስኪጠግብ ሲለቀቅ 650 ግራም በላ፣ የሚፈጨው ግን ወደ 54 በመቶ ወረደ። የተፈጨው 351 ግራም ሆነ። በመቶኛው በ4 ነጥብ ቀነሰ፣ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ሥጋ ሊሆን የሚችለው ግን በ119 ግራም ጨመረ።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። 25 ኪሎ በግ ሳይጨምርም ሳይቀንስም ባለበት ለመቆም ብቻ በቀን 300 ግራም ገደማ የተፈጨ መኖ ይፈልጋል። ልቡ ይመታል፣ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱን ይጠብቃል፤ ይህ ወጪ መኖ ቢያንስም አይቀርም። 232 ግራም ያገኘው በግ የጎደለውን ከገዛ ሥጋው ይከፍላል። ሰባቱ የቀነሱብህ ለዚህ ነው። 351 ያገኘው ከወጪው የተረፈች ትንሽ ነገር አለችው፣ የሚያድገው በዚያች ትርፍ ነው።

ስለዚህ «ገንዳውን ልሰው ተነሡ» የሚለው ጥሩ ምልክት አይደለም። በጣም በሚያምር መቶኛ እየፈጩ፣ በየቀኑ እየከሱ ነበር።

የመንዝ ልጅ · ጥር 16
ይሄ ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ። አባቴ «የጠገበ በግ ነው የሚሸጠው» የሚሉት ነገር ነበር፣ ዛሬ ምክንያቱን አገኘሁት።

የዶዮገና እናት · ጥር 16
ልጆቼ፣ ስለ ትራፊው እኔም ልናገር። እኛ ጋ ደሾ ሳር በየእርከኑ አለ። አጭደን ለበግ ስንሰጥ ሁልጊዜ አስተርፈን ነው የምንሰጠው። በግ አፉ ትንሽ ነው፣ መራጭ ነው፤ ቅጠሏን ነቅሎ ነቅሎ ይወስዳል። አገዳውን ለላም እንወረውርላታለን፣ ላሟ የተረፈውን ብታስተርፍ እንሰት ሥር ይገባል። ለበጉ አገዳውን ጨርስ ብለህ ብታስገድደው ይበላዋል፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮውን ጥሎ ይቆማል።

የሞጆው ልጄ፣ የተረፈውን ማታ ማታ አንሣ እንጂ እላዩ ላይ አዲስ አትጨምር። በምራቅና በእግር የተነካውን አይነኩትም፣ አዲሱንም ያስጠላቸዋል።

የመኖ ሰው · ጥር 16
እናቴ የተናገሩት በምርምርም የተረጋገጠ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ላሬዶና ሚንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ አለ። አምስት ሳሮች፣ ሮደስም አለበት፣ ቅጠሉንና አገዳውን ለይተው ለየብቻ ለበጎች አበሉ። የመፈጨት መጠናቸው ተቀራራቢ ነበር፤ አገዳው እንዲያውም በጥቂት ነጥብ በልጧል። የበሉት መጠን ግን ቅጠሉ በ46 በመቶ በለጠ! ምክንያቱ ቅጠሉ ቶሎ ደቅቆ ጨጓራውን ስለሚለቅ ነው። አገዳው ቦታ ይዞ ይቀመጣል፣ ጨጓራው ውስጥ ቦታ እስኪለቀቅለት በጉ ጨምሮ መብላት አይችልም።

ስለዚህ ድርቆሽ ስትገዙ መጀመሪያ ቅጠሉን እዩ። አበባው ሳያልፍ ታጭዶ፣ ጥላ ሥር ደርቆ፣ አረንጓዴ ሽታው ያልጠፋ ከሆነ ዋጋው ቢጨምርም ያዋጣል። ዘር ጥሎ፣ ቢጫ ሆኖ የታጨደ ሮደስ ከገለባ ብዙ አይሻልም።

ሞጆ ዳር · ጥር 17
እማማ፣ ዛሬ ጠዋት የተረፈውን በሙሉ አውጥቼ ጠርጌ አዲስ ሰጠሁ፤ በእውነት ልዩነቱ ወዲያው ታየኝ። የገዛሁት የድርቆሽ ቤል (እስር) ግማሹ አገዳው የበዛበት ነው። ስገዛ በክብደቱ ብቻ ነበር ያየሁት፤ ቅጠሉን ማየት አላወቅኩም ነበር። ስንት ቢተርፍ ነው ጥሩው?

ላብራቶሪ ያደገች · ጥር 17
ሰላም፣ ለማስተርስ ጥናቴ ይህንኑ ነገር ስለሠራሁ ልግባ። እኛ «እስኪጠግብ» ስንል የምንይዘው ልክ ከቀረበው 15 እስከ 20 በመቶ የሚተርፍበት ነው። በየጠዋቱ ትራፊውን ትመዝናለህ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ትጨምራለህ። ድርቆሹ አገዳማ ከሆነ ከዚያም በላይ ቢተርፍ ክፋት የለውም። በደብረ ዘይት በማሽላ አገዳ ላይ በተሠራው ሥራ እንኳ ለበጎች የሚቀርበው መጠን ሲጨምር የሚበሉትም ሲጨምር ታይቷል፣ ምርጫ ስለሚያገኙ።

ስለ መፈጨቱ ግን አንድ ነገር ልጨምር። የመኖ ሰው ያሉት የመቶኛ መቀነስ እውነት ነው፣ ግን በረጅሙ በሚቀርብ ድርቆሽ ብዙ ጊዜ ከሚጠበቀው ያነሰ ነው። ምክንያቱ ሁለት ተቃራኒ ነገር አንድ ላይ ስለሚሆን ነው። ብዙ ሲበላ ፍሰቱ ይፈጥናል፣ ያ መቶኛውን ይቀንሳል። ብዙ ሲቀርብለት ግን ቅጠሉን ስለሚመርጥ የሚበላው ሳር ራሱ ይሻሻላል፣ ያ መልሶ ያነሣዋል። በእኔ ሙከራ በልክ ከሚበሉትና እስኪጠግቡ ከሚበሉት መካከል የመቶኛው ልዩነት ትንሽ ነበር።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልናገር፣ ሌላ ተማሪ እንዳይደግመው። በጎቹን በየጠባብ ቤታቸው አስገብቼ፣ ጅራታቸው ሥር የበጠጥ ከረጢት አስታጥቄ፣ ሁለት ሳምንት አለማምጄ 7 ቀን ሰበሰብኩ። የተሰጠውንና የወጣውን በጥንቃቄ አስመረመርኩ። ትራፊውን ግን መዘንኩት እንጂ ናሙና አልወሰድኩለትም፤ ከቀረበው ድርቆሽ ጋር አንድ ነው ብዬ ያዝኩት። አንድ አልነበረም፤ የተረፈው አገዳ፣ የተበላው ቅጠል ነው። በዚህ ምክንያት በጎቹ የበሉት ፕሮቲን በወረቀቴ ላይ ከእውነቱ አንሶ ታየ፣ የፕሮቲኑ መፈጨትም አብሮ ዝቅ አለ። ሙከራውን እንደገና ለመሥራት ተገደድኩ። ያ ክረምት አሁንም ያመኛል፣ ነገር ግን ስለ በግ ከዚያ ትራፊ የተማርኩትን ያህል ከየትም አልተማርኩም።

ቀሲም ያለው · ጥር 18
ሰላም ወገኖቼ። ሳውዲ ቀሲም አካባቢ በግ ስጠብቅ 6 ዓመቴ ነው። እዚህም በጎቹ የሚበሉት ሮደስ ነው፣ ስሙም ሮደስ ነው የሚባለው፤ ከገብስ ጋር እንሰጣቸዋለን። አንድ ጊዜ ለበዓል ቶሎ ይወፍሩ ተብሎ በአንዴ ገብሱ በእጥፍ ተጨመረ። በሦስተኛው ቀን ማመስኳት አቆሙ፣ ተቅማጥ ያዛቸው፣ ድርቆሹን ማሽተትም ተዉ። ሁለት ሞቱብኝ፤ በእጄ ያዋለድኳቸው ነበሩ። ገብሱን አስቁሜ ድርቆሽ ብቻ ብሰጣቸው የቀሩት በሳምንት ተመለሱ። ይሄ ከምትሉት ጋር ይገናኛል?

የመኖ ሰው · ጥር 18
በጣም ይገናኛል ወንድሜ፤ ስለ በጎችህ አዝናለሁ። እህል በአንዴ ሲበዛ ጨጓራው ውስጥ በፍጥነት ተብላልቶ አሲድ ይሆናል። ቃጫ የሚፈጩት ተህዋሲያን አሲድ አይወዱም፣ ሥራ ያቆማሉ። ያኔ ድርቆሹ ሳይፈጭ ይከማቻል፣ በጉም መብላት ያቆማል። እህል መጨመር የሚቻለው በትንሽ በትንሹ፣ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አለማምዶ፣ በቀን ሁለቴ ተከፍሎ ነው፤ ድርቆሹም ሁልጊዜ መኖር አለበት።

ሞጆ ዳር፣ ያንተ ችግር ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አገዳማ ሮደስ ፕሮቲኑ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ከ7 በመቶ በታች ሲሆን ተህዋሲያኑ ራሳቸው ይራባሉ፣ አይባዙም። ሳሩ ቀስ ብሎ ይፈጫል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ በጉ ቦታ ስለሌለው ያነሰ ይበላል። ደካማ ድርቆሽ ላይ ጥቂት ፕሮቲን ስትጨምር የሚበላውም የሚፈጨውም *አብረው* የሚወጡት ለዚህ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 650 ግራም ድርቆሽ በ5 በመቶ ስታሰላው 32 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ 30 በመቶ ገደማ ስለሆነ 100 ግራም ብትጨምር ሌላ 30 ግራም አገኘህ። ሁሉም ሲደመር የምግቡ ፕሮቲን ከ8 በመቶ ያልፋል። 100 ግራም ማለት አንድ ጭብጥ ገደማ ነው። ዋጋው አልቀመስ አለ ብለሃል፣ እውነት ነው፤ ግን ያለዚያች ጭብጥ የምትገዛው ድርቆሽ ነው የሚባክነው። ፋጉሎ ካጣህ የደረቀ ሰስባንያ ቅጠል፣ ላብላብ፣ አልፋልፋ፣ ያገኘኸውን ጥራጥሬ ወገን የሆነ መኖ ስጥ።

አዲሱ አርቢ · ጥር 19
ድርቆሹን አስፈጭቶ መስጠትስ? ወፍጮ ቤት አለን። ደቅቆ ከገባ ተህዋሲያኑ ቶሎ የሚደርሱበት መስሎኝ ነው።

ላብራቶሪ ያደገች · ጥር 19
ሁሉም ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው፤ በሚዛን ሲታይ ግን ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ዱቄት ያህል ከፈጨኸው 1 ሚሊሜትር የምትለዋን መውጫ ሳያመሰኩት ያልፋታል። የሚበሉት ይጨምራል፣ የሚፈጨው መቶኛ ግን በግልጽ ይወርዳል። ማመስኳት ሲቀንስ ምራቅም ይቀንሳል፤ አሲዱን የሚያበርደው ምራቁ ነው። ቅጠልና አገዳም ስለሚቀላቀል ምርጫቸውን ትወስድባቸዋለህ። ብክነት ካስቸገረህ በጣት እርዝማኔ ያህል ቆራርጠው እንጂ አታስፈጨው።

ውኃም አትርሱ። ለበላው ለአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ2 እስከ 3 ሊትር ይጠጣል፤ በሞጆ ፀሐይ ከዚያም ይበልጣል። ውኃ ያጣ በግ መጀመሪያ የሚቀንሰው ድርቆሹን ነው።

ሞጆ ዳር · ጥር 20
ከቀን ወደ ቀን ሌላ ሰው እየሆንኩ ነው። ፋጉሎውን ከጎረቤት ጋር ተጋርተን አንድ ኩንታል ገዛን፤ ከ40 ግራም ጀምሬ በ10 ቀን 100 አደርሰዋለሁ። ላብራቶሪ ያደገች እህቴ፣ ያን ከረጢት እኔም በሁለት በግ ብሞክረው ይሆናል?

ላብራቶሪ ያደገች · ጥር 20
ይሆናል። ወንድ በግ ይሁን፤ የሴቷ ሽንት ከበጠጡ ይቀላቀልብሃል። ከጠንካራ ጨርቅ ስፋው፣ ትከሻው ላይ በሚያልፍ ማሰሪያ ያዘው፣ እንዳያቆስለው በየቀኑ እይ። ጠዋትና ማታ አራግፍ፣ ከዚያ ቆርቆሮ ላይ አስጥተህ ከእንግዲህ ክብደቱ እስከማይቀንስ አድርቀው መዝን። ከበላው ደረቅ መኖ ላይ የወጣውን ደረቅ በጠጥ ቀንስ፣ ለበላው አካፍል። 7 ቀን ሙሉ ይሁን፤ በሁለት ቀን የተገኘ ቁጥር አትመነው።

ሞጆ ዳር · የካቲት 29
እንደ ቃሌ ውጤቱን ይዤ መጣሁ። አንደኛውን በግ ልክ እንደ ድሮው 450 ግራም ድርቆሽ ብቻ ሰጠሁት፤ በጠጡ ሲሰበሰብ ብቻ ነው፣ ከዚያ አካስኩት። ደረቁ ሲታሰብ በቀን 400 ግራም በላ፣ 165 ግራም አወጣ። ሁለተኛው እስኪጠግብ ድርቆሽና 100 ግራም ፋጉሎ ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ደረቁ 730 ግራም፣ ያወጣው 308። የመጀመሪያው ወደ 59 በመቶ፣ ሁለተኛው ወደ 58 በመቶ መሆኑ ነው። በመቶኛው ሊለዩ ምንም አልቀራቸውም። በግራም ግን አንዱ 235 ሌላው 422። ወረቀቱን ይዤ እኚያ ትልቅ ሰው ዘንድ ሄድኩ፣ ሁለት ጊዜ አስደምረውኝ አመኑ፤ የራሳቸውንም በጎች ሊያስመዝኑ ነው።

24ቱ በ5 ሳምንት በአማካይ 2 ኪሎ ገደማ ጨምረዋል። የቀነሰ አንድም የለም።

ላብራቶሪ ያደገች · የካቲት 29
እልል! ሁለት በግ ብቻ ስለሆነና ፋጉሎውም የራሱን ስላዋጣ «መጠን እንዲህ አደረገ» ብለህ በእርግጠኝነት አትጻፈው። በጎቹ እርስ በርሳቸውም ይለያያሉ፤ ከቻልክ አለዋውጠህ ድገመው፣ ፋጉሎ ይበላ የነበረውን በሌላው ቦታ አድርገህ። ቁጥሩ ግን የሚታመን ቁጥር ነው።

የመኖ ሰው · መጋቢት 1
2 ኪሎ ከድርቆሽና ከአንድ ጭብጥ ፋጉሎ የሚጠበቅ ነው። ለፋሲካ የበለጠ ከፈለግህ ከአሁን ጀምሮ ፉርሽካ 150 ግራም ድረስ ቀስ እያልክ ጨምር፣ ፋጉሎውን አትቀንስ። የድርቆሹ ትራፊ ከ20 በመቶ በላይ እየሆነ ከመጣ በፉርሽካውና በፋጉሎው ጠግበው ድርቆሹን እየተዉ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ቁም።

የዶዮገና እናት · መጋቢት 1
ተባረክ ልጄ። አገዳውን ምን አደረግኸው?

ሞጆ ዳር · መጋቢት 1
እማማ፣ ጎረቤቴ ባለ ጋሪ ነው። ማታ ማታ ትራፊውን ለፈረሱ ይወስዳል፣ ጠዋት በጋሪው ሁለት በርሜል ውኃ ያመጣልኛል።